25 ረድፍ ኦይል ኩለር ገዝቼ 19 የገጠምኩበት ታሪክ

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ሞተሯ ፎር ኤጂኢ የሚባለው 16 ቫልቭ፣ 1600 ሲሲ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለ ጋራዥ ውስጥ ለውድድር ስናዘጋጃት ያየ ሁሉ "ኦይል ኩለር ግጠምላት" ይለኛል፣ የሞተር ዘይት በአየር የሚያቀዘቅዝ ትንሽ ራዲያተር ማለት ነው። ስንት ረድፍ (ዘይቱ የሚያልፍበት የቱቦ ድርድር፣ ሲበዛ ኩለሩ ይተልቃል) ስትለው ግን አንዱ 10 አንዱ 34 ይልሃል፣ ለምን እንደሆነ የሚነግርህ የለም። እኔም ትልቅ ከሆነ ምን ይጎዳል ብዬ ውጭ ባለ ዘመድ 25 ረድፍ አስመጣሁ። መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ያገለገለ በርካሽ አግኝቼ ነበር፣ ጋሼ (የጋራዡ ትልቁ መካኒክ) ናቸው የከለከሉኝ። "ብሮንዝ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበት ስስ ብረት) በበላ ሞተር ላይ የነበረ ከሆነስ? ብናኙ እዛ ውስጥ ተሰግስጎ ይቀመጣል፣ በቤንዚን ብታጥበው በኮምፕሬሰር ብትነፋው አይወጣም፣ አንድ ቀን ያንተን ሞተር ይበላዋል" አሉኝ። ከብዙ ወጪ ነው ያዳኑኝ።

25ቱን ያለ ቴርሞስታት (ዘይቱ እስኪሞቅ ወደ ኩለሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው) ከባምፐሩ ጀርባ እንዲሁ አንጠልጥለን ገጠምነው። እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ባዶ ሳለ ከፒያሳ ተነስቼ በስድስት ኪሎ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከዛ የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮህኩ ወጣሁ። ፍጥነቱ ትንሽ ጭነቱ ብዙ ስለሆነ ዘይት ለመፈተን ጥሩ ዳገት ነው። ላይ ስደርስ ዘይቱ 128 ዲግሪ። ስመለስ ደግሞ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ቁልቁል ወርጄ ሽሮ ሜዳ ስደርስ 68! አስቡት እስቲ፣ አንዱ ኩለር በአንድ ጠዋት ሲፈለግ ትንሽ ሆነ፣ ሳይፈለግ ትልቅ ሆነ።

ሁለቱም መጥፎ ነው። ዘይት ሁልጊዜ ከ80 በታች ከሰራ ውሃውና ቤንዚኑ ከውስጡ ተኖ አይወጣም፣ ስለሚወፍርም ጉልበት ይበላል። ወደ 130 ሲጠጋ ደግሞ ይቀጥንና ብሮንዙ ላይ ያለው የዘይት ሽፋን ይሳሳል። እኔ የምፈልገው ከ95 እስከ 110 ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዘይት ሙቀት ጌጁን ነው። ሴንሰሩን ከኮፓው (ከሞተሩ ስር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ፈትቼ ጋራዡ ጎን ያለችው ቡና የምታፈላ ልጅ ጋ ወስጄ የሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ 92 ላይ ቆመ። በቃ 8 ዲግሪ ይዋሻል፣ ልመልሰው ብዬ ስነሳ ጋሼ ሳቁብኝ። "አንተ ልጅ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በ100 ሲፈላ የት አየህ?" ለካ ከተማችን 2300 ሜትር ምናምን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ገደማ ነው። ሴንሰሩ ልክ ነበር፣ ያፈርኩት እኔ ነኝ።

ከዛ በኋላ ይሄ የከፍታ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሰው ሁለት ነገር ይልሃል፣ አንዱ "አዲስ አበባ ብርድ ነው ኩለር ምን ያደርግልሃል" አንዱ ደግሞ "አየሩ ስስ ነው ትልቅ ግዛ"። ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው። እዚህ አየሩ ከባህር ጠረፍ 20 ፐርሰንት ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚ ኩለሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ያንሳል፣ ግን ሞተሩም የሚስበው አየር በዛው ልክ ስለሚያንስ ጉልበቱም ሙቀቱም ይቀንሳል፣ 120 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ 95 አካባቢ ቢሰጥህ ነው። ተርቦ ለሌለው ሞተር ሁለቱ ከሞላ ጎደል ይጣፋሉ። ተርቦ ካለህ ግን አይጣፉም፣ ምክንያቱም ተርቦው የጎደለውን አየር ይሞላዋል፣ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ የሚያቀዘቅዘው አየር ብቻ ነው የሚሳሳው።

ደብተር አውጥቼ ሰራሁት። 95 ፈረስ 70 ኪሎዋት ነው፣ ወደ ዘይቱ የሚገባውን ሙቀት 10 ኪሎዋት ብዬ ያዝኩ (ግምት ነው)። አየሩ 22 ዲግሪ ሆኖ ገብቶ 40 ዲግሪ ጨምሮ በ62 ይውጣ ካልን በሰከንድ ሩብ ኪሎ አየር ያስፈልጋል፣ ይሄ በኛ አየር 0.28 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አየሩ ኩለሩን በሰከንድ 8 ሜትር ካቋረጠው የሚያስፈልገኝ የፊት ስፋት 350 ካሬ ሳንቲ ሆነ፣ ወርዱ 23.5 ሳንቲ ለሆነ ኩለር ቁመቱ 15 ሳንቲ ገደማ፣ እሱ 19 ረድፍ ማለት ነው።

ታዲያ 25ቱ ከዚህ ይበልጥ የለም እንዴ፣ ለምን 128 ደረሰ? ጉዱ ያለው እዛች 8 ሜትር ላይ ነው። የሱፍ ክር ቆራርጬ ኩለሩ ፊት ላይ ለጥፌ ጓደኛዬ በስልክ እየቀረፀ ነዳሁ፣ ክሮቹ በሙሉ ወደ ጎን ነው የሚውለበለቡት! አየሩ ኩለሩን ሲያይ ሰልፍ እንደበዛበት ታክሲ ፌርማታ ዞሮት ነው የሚሄደው። ደግሞ ከጀርባው የጎማው ፕላስቲክ ሽፋን ዘግቶታል፣ መውጫ የሌለው አየር ደሞ አይገባም።

ስለዚ 19 ረድፍ ገዛን (አዎ፣ ሁለተኛ ወጪ) እና ከላሜራ ሳጥን ተሰራለት፣ አፉ ከኩለሩ ፊት ሲሶ የሚያክል፣ ወደ ኋላ ቀስ እያለ የሚሰፋ፣ ዳር ዳሩን በስፖንጅ የታሸገ። የጎማውን ሽፋን ቆርጠን መውጫ ከፈትን። ከፊልትሮው ስር ደግሞ 80 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ቴርሞስታት ያለው ሳንድዊች ፕሌት (በፊልትሮውና በሞተሩ መሃል ገብቶ ዘይቱን ወደ ኩለሩ የሚልክ) ገባ። ከዚህ ሁሉ ስራ ብዙ ቀን የፈጀው ሳጥኑ ነው፣ ላሜራ ሰሪው ሶስቴ አፍርሶታል፣ እኔም ሶስቴ ቡና ጋብዤዋለሁ።

ቱቦውን ዘይትና ግፊት የሚችል የሃይድሮሊክ ቱቦ አድርጉ፣ የውሃ ቱቦ በክላምፕ እንዳትሞክሩ። ኩለሩና ቱቦው ወደ አንድ ሊትር ዘይት ስለሚጠጡ ሞተሩን አስነስታችሁ አጥፍታችሁ ዲፕስቲኩን (የዘይት መለኪያ ዘንጉን) እንደገና እዩ፣ እኔ ረስቼ የዘይት መብራት በርቶብኝ ልቤ ቆሞ ነበር።

ያንኑ ዳገት በዛው ሰዓት ደገምኩት። እንጦጦ ላይ 116፣ ስወርድ 84። 116 ከፈለኩት በላይ ነው፣ ግን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄድክ በሰከንድ 8 ሜትር አየር አታገኝም፣ እኔ ደሞ ለዳገት አልወዳደርም። በውድድር ፍጥነት 15 ደቂቃ ሳልለቅ ነድቼ 104 ላይ ቆመ። አዳማ ብወርድ አየሩ ይወፍራል ግን ይሞቃል፣ እሱን ገና አልሞከርኩም።

25ቱ ረድፍ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ስታርሌት ተርቦ ያለው ልጅ ልግዛህ ብሎ መጣ፣ ጋሼ ከመኪና ስር ሆነው "ዘይትህ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?" አሉት፣ ጌጅ የለኝም አለ፣ እኔም አልሸጥኩለትም።