ፕላስቲክ የተባለው ቤሬታ

ዛሬ ፒያሳ፣ ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አካሉ ፕላስቲክ የሆነው የጣሊያን ጠመንጃ፣ የቤሬታ ኤአርኤክስ 160 ፎቶ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር። አንዱ «ይሄማ የልጆች መጫወቻ ነው» ብሎ ዘጋው። ክላሽ የለመደ ዓይን ፕላስቲክ ቢንቅ አይገርምም።

የጣሊያን ጦር የታጠቀው ግን ይህንኑ ነው። ጥይቱ 5.56 በ45 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ባዶውን 3 ኪሎ ገደማ። ማቀባበያው በግራም በቀኝም ይሆናል። ቀለህ የሚተፋበትን ጎን ለመቀየርም መፍቻ አያስፈልግም፤ አካሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ በጥይት ጫፍ ገፋ ማድረግ ይበቃል። ግራኝ ሆኖ ትኩስ ቀለህ ፊቱ ስር ያለፈበት ተኳሽ የዚህችን ቁልፍ ዋጋ ያውቃል።

አፈሙዙም ያለ መፍቻ በሰከንዶች ይነቀላል። ጣጣው እዚህ ጋ ይጀምራል። የማነጣጠሪያው መነጽር የሚታሰረው አካሉ ላይ እንጂ አፈሙዙ ላይ ስላልሆነ፣ ሌላ አፈሙዝ ሲገጠም ምቱ ይዛነፋል። ስለዚህ ዒላማ ላይ ተኩሶ እንደገና ማስተካከል የግድ ነው። ቃታው ደግሞ ከባድ ነው፣ ላስቲክ የመጎተት ያህል። «ተቀያያሪ» የሚባል ጠመንጃ ሁሉ ሲወራ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መለዋወጫው ገበያ ላይ መኖሩ ነው፤ የዚህኛው ትርፍ አፈሙዝ እንደ ልብ አይገኝም።