አባቴን አታጉርሱት

አባቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ፣ ግንፍሌ ወዳለው ቤታችን ሊጠይቀው የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ማዕድ ሲቀርብ እጁን ታጥቦ ለጉርሻ ይሽቀዳደማል። አልታዘዝ ያለው ቀኝ እጁ ነው፤ በግራ መብላት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ እሱ አፉን ይከፍታል፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ይውላል። እንዲቀር የምማጸነው ይህ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ጨከንሽ!» ትለኛለች አክስቴ። እትዬ፣ ጭካኔ አይደለም። ደም የተቋረጠባቸውና የሞቱት የአንጎል ሴሎች አይመለሱም፤ በዙሪያቸው ያሉት ግን በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹ በጉዳቱ ሥራ ያቆሙ ናቸውና እብጠቱ ሲቀንስ ይነቃሉ፤ ሌሎቹ አዲስ ቅርንጫፍ እያበቀሉ፣ እርስ በርስ እየተገናኙ የሞቱትን ሥራ ይረከባሉ። ርክክቡን የሚያጸናው የእጁ ሥራ ነው። ሥራ ፈትቶ ለሚውል እጅ አንጎል ቦታ አያስቀምጥም።

ኤድዋርድ ታውብ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የአንድ እጃቸው የስሜት ነርቭ የተቆረጠ ጦጣዎች እጁን ማንቀሳቀስ እየቻሉ እንደማይጠቀሙበት አስተዋለ። ከጉዳቱ ማግስት ሞክረው ስላልሆነላቸው በደህናው እጅ መኖርን ለምደዋል። ደህናው ሲታሰርባቸው የተተወው እጅ ወደ ሥራ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ስትሮክ ካገኛቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተካፈሉ። ለ2 ሳምንት ደህና እጃቸውን በጓንት ሸፍነው ደካማውን ያሠለጠኑት ከሌሎቹ በለጡ፤ ልዩነቱ ከዓመት በኋላም አልጠፋም። ጓንቱ ለሁሉም አይሆንም፤ የእጅ አንጓውንና ጣቶቹን በመጠኑም ቢሆን መዘርጋት ለሚችል ነው። ያለ ባለሙያ ምክርም አይጀመርም።

አባቴ ዕድሜውን የጨረሰው አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት፣ የብረት ፊደላትን በጣቱ አንድ በአንድ እየለቀመ ለኅትመት ሲደረድር ነው። ፊዚዮቴራፒስቷ ያዘዘችለት የላስቲክ ኳስ ያሰለቸዋል፤ ሰፌድ ላይ ምስር ሲቀርብለት ግን መነጽሩን ይጠይቃል። ጠጠሯን ያያል። ትከሻው ቀድሞ ይነሳል፣ ክርኑ ይከተላል፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ዘግይተው ይገናኛሉ። ጠጠሯ ታመልጣለች። ከንፈሩን ነክሶ እየገፋ እስከ ሰፌዱ ጠርዝ ያደርሳታል፤ እዚያ ተደግፎ ይይዛታል። በዚህ መካከል «ተወው እኔ ልልቀምልህ» የሚል ሰው ሲገባ እንዴት እንደሚከፋኝ! ያ መታገል ነው መድኃኒቱ። መሻሻሉ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ይፈጥናል፣ ከዚያ ይዘገያል እንጂ በሩ አይዘጋም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ስትመጡ በቀኙ በኩል ተቀመጡ። እንጀራውን በትንንሹ ቆርሳችሁ አስቀምጡለትና ጠብቁት። ወጡ ከቀዘቀዘ እናሞቀዋለን። ቡናውንም በዚያው በቀኙ አቀብሉት፤ ስኒው ከግማሽ አይለፍ፣ ለብ ያለም ይሁን።