ደሴ ተቀምጦ ባህርን ማጥናት

የአየር ንብረት ንባቤ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ሰሞኑን የያዝኩት ውቅያኖስ የባህር ዳርቻን አየር እንዴት እንደሚያለዝብ ነው። ባህር በሌለበት ደሴ ይህን ማጥናት ጠቅሞኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ንጋት ላይ ውርጭ ነው። የከፍታውና የደረቁ አየር ድርሻ ትልቅ ቢሆንም፣ ሙቀቱን ይዞ የሚያሳድርልን ሰፊ ውሃም በአጠገባችን የለም።

ሁለት ጣሳ ወስጄ አንዱን በደረቅ አሸዋ፣ ሌላውን በውሃ ሞላሁና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እኩለ ቀን ላይ አሸዋው ጣት አያስነካም፤ ውሃው ገና ለብ ማለቱ ነው። ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ ነገሩ ተገለበጠ። አሸዋው ወዲያው ቀዘቀዘ፣ ውሃው ሙቀቱን ይዞ አመሸ።

አንድ ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ይፈልጋል። ለደረቅ አሸዋ 800 ገደማ ይበቃዋል። ባህር ላይ ደግሞ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ማዕበሉ ሙቀቱን ወደ ታች ያማስለዋል፣ ትነቱም የራሱን ይወስዳል። ስለዚህ ባህር ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል።

ይህ ሲባል ግን ባህር ሁሌ ያቀዘቅዛል ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ያሉትን የድሮ የአሰብ መስመር ሾፌሮች ጠይቁ። ሐምሌ ላይ ሌሊቱም እንቅልፍ አይሰጥም ይሏችኋል። ቀይ ባህር በዚያ ወቅት ራሱ 30 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ ሌሊት አየሩ እንዲበርድ አይፈቅድም። ባህሩ የሚያጠበው በቀንና በሌሊት፣ በክረምትና በበጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

በጣም የገረመኝ የነፋሱ ጉዳይ ነው። የኖርዌይዋ በርገን ከምድር ወገብ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ወደ ሰሜን ርቃ የጥር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በላይ ነው። ከአትላንቲክ የሚነሳው የምዕራብ ነፋስ የሞቀውን የባህር አየር ያመጣላታል። በዚያው አካባቢ ኬክሮስ ላይ ያለችው፣ ከባህር የራቀችው የሳይቤሪያዋ ያኩትስክ ግን ከዜሮ በታች 35 ዲግሪን ታልፋለች። በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ ያለችው ቭላዲቮስቶክ ደግሞ ወደብ ናት፤ ከበርገን ይልቅ ለምድር ወገብ በጣም ትቀርባለች። ሆኖም የክረምቱ ነፋስ ከሳይቤሪያ የብስ ስለሚመጣባት ጥር ላይ በብርድ ትቆራመዳለች። ባህር አጠገብ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ነፋሱ ከባህሩ መምጣት አለበት።

ቀጥሎ ቴርሞሜትሬን ይዤ በአቅራቢያችን ወዳለችው ሐይቅ ከተማ እወርዳለሁ። ውርጭ በሚጥልበት ሰሞን የሐይቁን ዳርና ራቅ ያለውን ማሳ ንጋት ላይ ለካክቼ ማወዳደር እፈልጋለሁ። ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ያላችሁ፣ ቴርሞሜትር ካላችሁ በአንድ ሰዓት እንለካ።