የኦኬ ጎ ተንሳፋፊ ክሊፕ እና የፍጥነት ጨዋታ

የአሜሪካው ኢንዲ ሮክ ባንድ ኦኬ ጎ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ለ«አፕሳይድ ዳውን ኤንድ ኢንሳይድ አውት» ያወጣው ክሊፕ ውስጥ ገመድም አረንጓዴ መጋረጃም የለም። ሩሲያ ውስጥ በሚበር አውሮፕላን ሆድ ነው የተቀረፀው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ተወርውሮ ቁልቁል ሲታጠፍ ውስጡ ያለ ሁሉ ለ27 ሰከንድ ያህል ይንሳፈፋል፤ ቀጣዩ ዙር እስኪመጣ ግን ደቂቃዎች ያልፋሉ። ስለዚህ ባንዱ በየመሃሉ ቦታውን ይዞ ጠበቀ፣ የጥበቃው ጊዜ በኤዲቲንግ ተቆርጦ ወጣ። አንድ ሾት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ዘፈኑንም አዘግይተው ከፍተው ተወኑበት፣ በኋላ ምስሉን አፈጠኑት።

መሬት ላይ የሚሠራው ዘዴ የዚህ ግልባጭ ነው፦ ዘፈኑን አፍጥናችሁ ትቀርፃላችሁ፣ በኋላ ምስሉን ታዘገዩታላችሁ፣ ከንፈሩም ከዘፈኑ ጋር ይገጥማል፤ ዋጋውም ከአውሮፕላን ይረክሳል! በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርፃችሁ በ25 የምታጫውቱ ከሆነ፣ ቀረፃው ላይ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይከፈት። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ2 ደቂቃ ያልቃል። ዘፋኙ በዚያ ፍጥነት ካልተለማመደ ግጥሙ አፉ ላይ ይንተባተባል፣ ምስሉ ሲዘገይ ደግሞ ስህተቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ከበሮ መቺው ከሁሉም ይቸገራል፤ እሱን በቅርብ አታንሱት።

ሁለት ነገር ደጋግሞ ያበላሻል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ (በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል) ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/100 ሰከንድ አድርጉት፤ በ1/120 ረጅም ነጭ አምፖል ስር ከቀረፃችሁ ጥቁር መስመር ምስሉ ላይ ይንሸራተታል። በስልክ ከሆነ ደግሞ በሰከንድ የሚቀረፀው የፍሬም ብዛት ወጣ ገባ ስለሚል ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ይለያያሉ፤ ኤዲቲንግ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉን ወደ ቋሚ የፍሬም ብዛት ቀይሩት።