ፊት ከነጠላ እንዳያንስ

ጎንደር፣ ጥር

ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ሳስብ የሰነበትኩት ስለ ጎረቤቴ ስለ እማማ ፎቶ ነው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ የባለቤታቸው ጉርድ ፎቶ ተሰቅሏል። ጋቢው ቦግ ብሎ ይታያል፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። «እሱ እንዲህ ጭልም ያለ ሰው አልነበረም ልጄ» ይሉኛል እማማ። «እኔን ስታነሳኝ ፊቴ ይታይ፣ አደራ።»

ልክ ናቸው። እኛ ጠይም ነን፣ የክት ልብሳችን ደግሞ ነጭ ነው። የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ነጭ ጋቢ ሲሞላበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚያርፈው ፊት ላይ ነው።

ስለዚህ መለኪያውን ጠጋ አድርጌ ፊቱን ብቻ እለካለሁ። ከዚያ አንድ ስቶፕ እቀንሳለሁ፣ ብርሃኑን በግማሽ ማለት ነው። ለምን? ጠይም ፊት ከመካከለኛው ግራጫ ትንሽ ጠቆር ይላል፣ እንደዚያው ሆኖ እንዲቀር ስለምፈልግ። ፊት ይታይ ማለት ፊት ይንጣ ማለት አይደለም። ሰውን አንጥቶ ማሳመር የሚሉት ነገር በጭራሽ አይዋጥልኝም።

ፊልሙን መምረጥ ጊዜ ወሰደብኝ። እዚህ ፊልም እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ ካልመጣ የለም። እጄ ላይ ያሉት ሁለት የኢልፎርድ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች፣ ኤፍፒ4 እና ኤችፒ5 ናቸው። ኤፍፒ4 ፍጥነቱ 125 ነው (ቁጥሩ ከፍ ሲል ፊልሙ በትንሽ ብርሃን ይሠራል)፣ ቅንጣቱ ደቃቅ፣ የነጠላውን ጥለት ሳይቀር ቁልጭ አድርጎ ያወጣል። ግን እማማ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው እየፈተሉ ነው የማነሳቸው፣ እጃቸው አያርፍም። በ125 ሹተሩ፣ የካሜራው መዝጊያ፣ ይዘገያል። ኤችፒ5 400 ነው፤ ጨለማና ብርሃኑ ለዘብ ያለ፣ ትንሽ ቢያልፉበትም የሚችል ፊልም ነው። እሱን መረጥኩ። 400 የተባለውንም 200 ነው ብዬ፣ ብርሃን ጨምሬለት ነው የማነሳበት፤ ዓይን ሥር ያለው ጥላ ባዶ እንዳይቀር።

ጥላውን የምመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ሲወጣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይጠፋል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት ያየ ሰው ዓይን ለፊት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሠዓሊው የሰጣቸው ፊትና ክንፍ ብቻ ነው፣ ግን ሁሉም ያዩናል።

የጥላም ጣጣ አለው። እዚያ የሚደርሰው ብርሃን ከሰማይ ስለሚመጣ ሰማያዊነት ይበዛበታል። ጠይም ቆዳ ደግሞ ቀዩንና ቢጫውን እንጂ ሰማያዊውን ብዙ አይመልስም። ነጠላው ግን ሁሉንም ይመልሳል። ፊት እየጠቆረ ነጠላ እየነጣ ይራራቃሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ቢጫ መስታወት፣ ቢጫ ፊልተር፣ ወርቅ ነው። ሰማያዊውን ሲያስቀርለት ፊትና ነጠላ ይቀራረባሉ። አንድ ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበላል፤ ይብላ።

የቀረው እጥበቱ፣ ምስሉን በኬሚካል ማውጣቱ ነው፣ እኔ ከሁሉም የምወደው። ጥላው ማጠቢያው ውስጥ ሥራውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ነጩ ግን በቆየ ቁጥር ፊልሙ ላይ እየጠቆረ፣ እየከበደ ይሄዳል። ኤችፒ5 አይዲ-11 በሚባለው ማጠቢያ ውስጥ፣ እኩል በእኩል በውሃ ተቀጥኖ፣ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ነው የሚባለው። እኔ 11 ላይ አወጣዋለሁ። ፊቱ ብርሃኑን ካሜራው ውስጥ አግኝቷል፤ ሁለት ደቂቃ መቀነሴ ነጠላውን ነው የሚገታው። ጠርሙሶቹን ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ። ፊልሙ ያለበትን ታንክ በየደቂቃው መጀመሪያ አራት ጊዜ በቀስታ እገለብጣለሁ። ብዙ የናጠ ሰው ነጩን መልሶ ያከብደዋል።

ውሃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ምስሉን ከሚያጸናው ኬሚካል፣ ከፊክሰር በኋላ ፊልሙን ቧንቧ ሥር ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ የግድ አይደለም። ታንኩን ሞልቶ አምስት ጊዜ መገልበጥና መድፋት፣ እንደገና ሞልቶ አሥር ጊዜ፣ በመጨረሻ ሃያ ጊዜ። ይኼ የኢልፎርድ ዘዴ ነው፤ ለአንድ ጥቅል የጀሪካን ሩቡ እንኳ አያልቅም።

የእማማ ፊልም ትናንት ደረቀ። ኔጋቲቩ ላይ ነጠላው ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። እሱን ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ፊደሉን በውስጡ ለማንበብ ሞከርኩ። ፈዘዝ ብሎ ይነበባል። እንዲህ ከሆነ ወረቀት ላይ ሲታተም የፈትሉ መስመር አይጠፋም። ፊታቸው ላይ ደግሞ ግንባራቸው፣ ጉንጫቸው፣ ከዓይናቸው ጥግ የሚነሳው ሽብሽብታ፣ ሁሉም አለ።

ቅዳሜ ቡና ሲጠጡ አሳያቸዋለሁ። የልጅ ልጃቸውም አብሯቸው እንዲነሳ ይፈልጋሉ፤ እሱ ጥቁር ጃኬት ነው የሚለብሰው፣ ስለዚህ ለሁለቱ ልኬቱን እንደ አዲስ ማሰብ አለብኝ።