ክፍት ክሩ ልክ ነው፣ 12ኛው ፍሬት ግን ይዛባል

የባስ ጊታሬ ቅኝት እንደሚዛባ የነቃሁት ትዝታ ስንጫወት ነው። ዘፈኑ ዝግ ያለ ስለሆነ የባሱ ድምፅ ረዘም ብሎ ይቆያል። 12ኛው ፍሬት (አንገቱን አቋርጠው ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ የያዝኩት ኖታ ከኪቦርዱ ጋር አልገጠመም፤ ሁለቱ ድምፅ አንድ ላይ ሲሆኑ ይንቀጠቀጣል። ክፍት ክሮቹን፣ ማለትም በጣት ሳልጫናቸው፣ በቲዩነር (በቅኝት መለኪያ) አየኋቸው። አራቱም ልክ ናቸው።

ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ተጫዋቹ ጣቱን በጆሮው እየመራ ያስተካክላል። ባለ ፍሬት ባስ ላይ ግን ቦታው አስቀድሞ ተወስኗል። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ራሱ ጊታሩ ነው።

ካቻቢቴ አንስቼ ብሪጁ (ክሮቹ የሚታሰሩበት የታችኛው ብረት) ላይ ያሉትን ሳድሎች፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ መደገፊያዎች፣ ወደፊት ወደኋላ ስል አንድ ሙሉ ከሰዓት አለፈ። ወፍራሙ የኢ ክር እምቢ አለ። የቲዩነሩ መርፌ አንድ ቦታ አይረጋም። ለካ ክሮቹ አርጅተዋል! ላብና ቆሻሻ የጠጣ ክር ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይሆንም፤ ሳድሉን የትም ብትወስዱት ልክ አይመጣም። አዲስ ክር አስገባሁ።

ቀጥሎ አንገቱን አየሁ። ክሩን 1ኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ይዤ መሃሉን ስመለከት ክፍተቱ በዝቷል። አንገቱ ሲጎብጥ ክሩ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለ ክር ሲጫኑት ይወጠራል፤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ጉብጠቱን የሚያስተካክለውን ዘንግ) ሩብ ዙር ብቻ አጠበቅኩና አሳደርኩት።

ሳድሉን የነካሁት ከዚህ በኋላ ነው። ባሱን ጠረጴዛ ላይ ሳላጋድም፣ እንደምጫወተው ጭኔ ላይ ይዤ። 12ኛው ፍሬት ብረት ላይ ክሩን ሳልጫን በጣቴ ጫፍ ነካ አድርጌ ሃርሞኒኩን (ክሩ እንዲህ ሲነካ የሚሰጠውን ጥርት ያለ ድምፅ) አወጣሁ፤ ከዚያ እዚያው ተጭኜ መታሁና ሁለቱን በቲዩነሩ አወዳደርኩ። የተጫንኩት ከሃርሞኒኩ ከቀጠነ ሳድሉን ወደኋላ፣ ከወፈረ ወደ አንገቱ። በእያንዳንዱ ዙር ክፍት ክሩን እንደገና መቃኘት ግድ ነው።

ቀጭኑ የጂ ክር ግን ስጫነው ድምፁ እየቀጠነ አስቸገረኝ። ጣቴን ሳየው የጥፍሬ ጫፍ ነጭ ሆኗል፤ ከሚገባው በላይ እየተጫንኩ ነበር። እጄን ሳላላ መርፌው ወደ መሃል መጣ። ለዓመታት እንደዚያ ስጫን ኖሬያለሁ ማለት ነው። አሁን ልምምድ ስጀምር መጀመሪያ የማየው ጥፍሬን ነው።

19ኛው ፍሬት ላይ አሁንም ከቅኝት ጥቂት ይወጣል፤ እዚያ ብዙ ስለማልሄድ ተውኩት። በሚቀጥለው ልምምድ ያችኑ ረጅም የትዝታ ኖታ 12ኛው ፍሬት ላይ ያዝኳት። ኪቦርዱ ከላይ ገባ። መንቀጥቀጡ የለም።