ቤተ መቅደሱን ከደጁ መጀመር

አቴንስ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ከአገር ቤት ዘመድ በመጣ ቁጥር አክሮፖሊስ ወደሚባለው የጥንት ቤተ መቅደሶች ኮረብታ የማወጣው እኔ ነኝ። ድሮ የማደርገው ሁሌ አንድ ነበር። ትልቁ ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖን፣ ፊት አቆማቸዋለሁ። 46ቱን የውጭ ዓምዶች አሳያለሁ። "ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ተጀምሮ በ432 አለቀ" እላለሁ። ፎቶ እንነሳለን፣ እንወርዳለን።

አንድ ጊዜ የእናቴ ታላቅ እህት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሕንፃውን ግራ ቀኝ ቃኙና "ልጄ፣ ሕዝቡ የት ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው?" አሉኝ።

ዝም አልኩ። ዓመቱን እንጂ ይሄን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት እሑድ እሑዴን ለዚህ ሰጠሁት።

መጀመሪያ የገባኝ፣ ያሳሳተኝ ቃሉ ራሱ እንደሆነ ነው። እኛ "ቤተ መቅደስ" ስንል ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱ፣ ካህኑና ምእመኑ ዓይናችን ላይ ይመጣል። ግሪኮቹ ግን "ናኦስ" ነው የሚሉት፤ ማደሪያ ማለት ነው። የአምላኩ ቤት እንጂ የሕዝቡ መሰብሰቢያ አይደለም። ውስጥ ያለው የአምላኩ ምስልና ንብረቱ ነው። ዋናው ሥርዓት የሚካሄደው ደጅ፣ ከሰማይ በታች፣ መሠዊያው ጋ ነው። ስለዚህ ለአክስቴ ጥያቄ መልሱ፦ እዚያው እኛ የቆምንበት፣ ውጭ።

ከዚያ ወዲህ ጉብኝቱን ከመሠዊያው ነው የምጀምረው። የከተማው ጠባቂ ሴት አምላክ የአቴና ትልቁ መሠዊያ አክሮፖሊስ ላይ በምሥራቅ በኩል ነበር። ዛሬ ከዓለቱ በቀር የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እዚያ አቆማቸውና እነግራቸዋለሁ። በአቴና በዓል ከተማው በሰልፍ ይወጣል። ሴቶች የሸመኑት ቀሚስ ከወይራ እንጨት ለተቀረጸው ጥንታዊ ምስሏ ይቀርባል። ከብቶቹ ይታረዳሉ። ለአቴና የሚቃጠለው አጥንትና ስቡ ነው። ሥጋው ለሕዝቡ ይከፋፈላል። ቅርጫ የሚያውቅ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ የከብቱን ዋጋ ከተማው መሸፈኑ ነው። ለብዙ ድሃ ሰው የበሬ ሥጋ የሚቀመስበት ቀን ይሄ ነበር። አምልኮውና ዜግነቱ አንድ ማዕድ ላይ ነበሩ። ይሄን ካልኩ በኋላ ፓርተኖንን ሲያዩት ዓይናቸው ይለያል።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። ፓርተኖን ውስጥ ቀራጺው ፊዲያስ የሠራው የአቴና ሐውልት 40 መክሊት ወርቅ ለብሶ ነበር፤ በዛሬው ሚዛን አንድ ቶን ገደማ። ወርቁ ተነቃይ ነው። ከባላንጣዋ ከተማ ከስፓርታ ጋር ጦርነት ሲመጣ የአቴንስ መሪ ፔሪክለስ ለሕዝቡ ያለው ይሄንኑ ነው፦ ከቸገረን ይሄም አለ፣ ግን መልሰን መተካት አለብን። እንግዲህ ቤተ መቅደሱ የከተማው ካዝናም ነበር።

ይሄን በአፍ ብቻ ማውራት አልበቃ ስላለኝ ሰዎቼን የጥንት ጽሑፎች ሙዚየም ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ከትልቁ ብሔራዊ ሙዚየም ጎን ነው፤ ጎብኚ ብዙም አይበዛበትም። እዚያ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም፣ ከስብርባሪ የተገጣጠመ የእብነ በረድ ድንጋይ ቆሟል። የአቴንስ አጋር ከተሞች የጋራ ግምጃ ቤት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ454 ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴንስ ከተዛወረ በኋላ፣ ከየከተማው ግብር ከስልሳ እጅ አንዱ ለአቴና ይሰጥ ነበር። የከተማው ስምና የገንዘቡ ልክ በትናንሽ ፊደል፣ ረድፍ በረድፍ ተቀርጿል። ድንጋዩ አጠገብ ቆሜ አንገቴን ቀና አድርጌ ሳየው፣ ያ ሁሉ ውብ ዓምድ ከማን ኪስ ጭምር እንደወጣ ገባኝ። ይሄን ሳይናገሩ ፓርተኖንን ማድነቅ ግማሽ እውነት ነው ብዬ አምናለሁ።

አክሮፖሊስ ላይ ያለው የሌላው ቤተ መቅደስ፣ የኤሬክቴዮን፣ የሥራ ሒሳብም ድንጋይ ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። ዜጋ፣ መጤና ባሪያ ጎን ለጎን ይጠርባሉ፤ ለብዙዎቹ የቀን ክፍያው አንድ ድራክማ ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ድሪም የሚለው።

መንገዴንም ቀየርኩ። አሁን ከአክሮፖሊስ በፊት ወደ ጥንቱ የገበያ አደባባይ ወደ አጎራ፣ ወደ ሄፋይስቶስ ቤተ መቅደስ እወስዳቸዋለሁ። የአንጥረኞች አምላክ ቤት ነው፤ ዙሪያውም የብረታ ብረት ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ከደጁ ሆነህ ቁልቁል ስታይ የአምስት መቶ ሰዎች ሸንጎ ይሰበሰብበት የነበረው ቦታ እግርህ ሥር ነው። ከጎኑ የአማልክት እናት ቤት አለ፤ የከተማው መዝገብና ሰነድ የሚቀመጠው እሷ ዘንድ ነበር። የሄፋይስቶስ ቤት እንዲህ ሙሉ ሆኖ የተረፈው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በማገልገሉ ነው። ይሄን ስናገር እናቶች ያማትባሉ።

ጊዜ ያለው እንግዳ ሲመጣ ዴልፊ ድረስ እንሄዳለን። ከአፖሎ ቤተ መቅደስ ሥር ያለውን የድጋፍ ግንብ እጄን ዘርግቼ አሳያለሁ። ከ800 በላይ ጽሑፎች ተቀርጸውበታል፤ አብዛኞቹ የባሪያ ነፃ መውጫ ናቸው። ባሪያው በራሱ ስም መግዛት ስለማይችል ገንዘቡን ለአምላኩ አደራ ይሰጣል፤ አፖሎ "ይገዛዋል"፤ ሰውየው ነፃ ይወጣል። የምስክሮቹ ስም አብሮ ይጻፋል። አንዳንዱ ግን ጌታው እስኪሞት አብሮት እንዲቆይ ያስገድዳል። እዚያ ግንብ ፊት ብዙ አላወራም። ቀስ ብለው ይሂዱበት ብዬ እተዋቸዋለሁ።

አክስቴ ባለፈው ስልክ ደውለው ነበር። መልሱን ስነግራቸው ጸጥ ብለው አዳመጡኝና "ያን ሁሉ ከብት ታዲያ ማን ይበልተው ነበር?" አሉ። ይሄንንስ አውቄው ነበር። ማጌይሮስ ይባላል፣ እትዬ፤ አራጁም፣ በላቹም፣ ወጥ ሠሪውም እሱ ነው።